ስለ አሮጌ የኢሜይል ሣጥንና ስለሚደርስበት እክል

ዘንድሮ የምጽፍላችሁ ስለ አዲስ ግኝት አይደለም። ወላጆቻችን በወጣትነታቸው ጊዜ ደብዳቤ ይላላኩበት ስለ ነበረው፣ አውትሉክ ኤክስፕረስ ስለሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ በተለይም የደብዳቤ ሣጥኑ አልከፈት ሲል ወይም ባዶ ሆኖ ሲገኝ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። «የሞተ ፕሮግራም ምን ያደርግልናል?» የሚለኝ የክፍል ጓደኛ እንደማይታጣ ዐውቃለሁ። ነገር ግን በብዙ ቤት፣ በሳሎን ጥግ፣ የዳንቴል ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ፤ በሆዱም ውስጥ በሌላ በየትም ስፍራ የማይገኝ ደብዳቤ ይኖራል። በእኛ ቤት ያለው የአያቴ ነው።

አያቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ታላቋ አክስቴ ወደ ዋሽንግተን ከሄደችበት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ አባትና ልጅ በየሳምንቱ ይጻጻፉ ነበር። በኋላ የስልክ ነገር ቀላል እየሆነ ሲሄድ ጽሕፈቱ ቀረ። አክስቴም ዐረፈች። ከዚያ ወዲህ አያቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቡናቸውን ይጠጡና ኮምፒዩተሩን አስነሥተው፣ አንድ ወይም ሁለት ደብዳቤ አንብበው ይዘጉታል። ይህን ሳያቋርጡ ወደ ሁለት ዓመት ያህል ሲያደርጉ ኖሩ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ፣ ፕሮግራሙን ሊዘጉ ሲሉ በስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ወጣ። አያቴም ተቀበሉት። ሥራው ገና ሳይፈጸም መብራት ጠፋ። ማታ መብራቱ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው ተነሣ፤ ፕሮግራሙም ተከፈተ፤ ኢንቦክሱ ግን አንድ ደብዳቤ እንኳ አልነበረበትም።

«አባባ፣ ምኑን ነው የተጫኑት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቦታ ላስለቅቅ ወይ አለኝ፤ ደግ ነገር መስሎኝ እሺ አልሁት» አሉኝ።

በማግሥቱ አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ጠጋኙ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተመልክቶ፣ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው» አለን። አያቴም፣ «ደብዳቤው ከሌለ መኪናውን ምን አደርገዋለሁ?» ብለው አስነሥተው ወደ ቤት አስመለሱት። እንዲህ ማድረጋቸው ምን ያህል እንደ ጠቀመን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፕሮግራሙ ጥቂት ልናገር። አውትሉክ ኤክስፕረስ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ሥራ ሲሆን በዚህ ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አራተኛ እትም ጋር ነው። ስድስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር አብሮ መጣ። ለብቻው ዋጋ ስለማይጠየቅበት፣ ከኮምፒዩተሩም ጋር ተጭኖ ስለሚገኝ፣ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ተሰራጨ። ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ስፍራውን ዊንዶውስ ሜይል ለተባለ ለሌላ ፕሮግራም ለቀቀ። ኤክስፒም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 የኩባንያው ድጋፍ ተቋርጦበታል። አውትሉክ ተብሎ ብቻ ከሚጠራው ከመሥሪያ ቤቶቹ ፕሮግራም ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ነገር ግን ሁለቱ ደብዳቤ የሚያስቀምጡበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

እንግዲህ እክሉን ለማስተዋል አስቀድሞ ደብዳቤው የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ይገባል። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ፖስታ ወደ ቤት አይመጣም፤ ፖስታ ቤት ድረስ ሄደን ቁጥራችን ካለበት ሣጥን እናወጣለን እንጂ። ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን በቦርሳው ይዞ የሄደ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ያንኑ ደብዳቤ ከፖስታ ቤቱ ቢጠይቅ አያገኝም። አውትሉክ ኤክስፕረስ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት፣ ፖፕ 3 የሚባለው ሥርዓትም ልክ እንደዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ስምና ፓስወርድ ይሰጣል፤ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ያወርዳል፤ ከዚያም በሰርቨሩ ላይ ያለውን እንዲጠፋ ያዛል። «ቅጂውን በሰርቨሩ ላይ ተው» የሚል ምርጫ በእርግጥ ነበረው፤ ዳሩ ግን ባለቤቱ ራሱ ካልመረጠው በስተቀር አይሠራም ነበር።

የዛሬ ልጆች ይህን አንለምደውም። የእኛ ኢሜይል የሚኖረው በሰርቨሩ ነው፤ ስልካችን መስኮት ብቻ ነው። ስልኩ ቢሰበር ደብዳቤው አይሰበርም። የአያቴ ደብዳቤ ግን የነበረው በዚያ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት «ፓስወርዱን አስገብተን እንደገና እናውርደው» ያለኝ ጓደኛዬ መልካም አሳቢ ቢሆንም፣ የሚወርድ ነገር አልነበረም።

በኮምፒዩተሩ ውስጥስ እንዴት ተቀምጧል? እኔ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው አንድ ፋይል ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በአንድ ፎልደር ያለው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ እንደ መጽሐፍ ተጠርዞ ይቀመጣል። የኢንቦክሱ «ኢንቦክስ»፣ የተላከው «ሴንት አይተምስ»፣ የተሰረዘው «ዲሊትድ አይተምስ» ይባላል፤ የሁሉም የስም ቅጥያ ዲቢኤክስ ነው። ከእነዚህ ሌላ የፎልደሮቹን ዝርዝር የያዘ «ፎልደርስ» የሚባል ፋይል አለ፤ ቀደም ሲል የወረዱትን ደብዳቤዎች መለያ የሚመዘግብ ሌላም አለ። እነዚህ ፋይሎች የሚገኙበት ስፍራ ለማንም በቀላሉ አይታይም፤ ዊንዶውስ ይሰውረዋል። መንገዱን በቃል ከመፈለግ ይልቅ ፕሮግራሙን ራሱን መጠየቅ ይቀላል፤ ይኸውም ቱልስ፣ ቀጥሎ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ ሜይንተናንስ፣ በመጨረሻም ስቶር ፎልደር የሚሉትን በተራ መጫን ነው። ያን ጊዜ አድራሻው ተጽፎ ይወጣል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ደረስን። አያቴ የሒሳብ ሰው ስለ ሆኑ በሙያቸው መስዬ አስረድቻቸው ነበር፤ ለእናንተም ያንኑ ምሳሌ ልጠቀም። በሒሳብ መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር ስሕተት ሲሆን አይፋቅም፤ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። መስመሩ የገባበት ሒሳብ አይቈጠርም፤ ገጹ ግን ባለበት ይቀራል፤ መዝገቡም በዚያ አይቀጥንም። የዲቢኤክስ ፋይልም እንዲሁ ነው። ደብዳቤ ስንሰርዝ ወይም ወደ ሌላ ፎልደር ስናዛውር በፋይሉ ውስጥ የነበረበት ስፍራ «ይህ አይቈጠርም» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ፋይሉ አያንስም። ሺህ ደብዳቤ ሰርዞ «ለምን ኮምፒዩተሬ አልቀለለም?» የሚል ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ዘመን ሲቈይ መዝገቡ በተሰረዘ ገጽ ይሞላል፤ ይወፍራል፤ ይዘገያል። ያን ጊዜ ያልተሰረዘውን ብቻ ወደ አዲስ መዝገብ ገልብጦ አሮጌውን ማስወገድ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ፈረንጆቹ ኮምፓክት ማድረግ ይሉታል፤ እኔ ማጠጋጋት ብዬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 የሚባል ማሻሻያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አውትሉክ ኤክስፕረስ የተዘጋበትን ጊዜ ይቈጥራል፤ መቶ ሲሞላም «ቦታ ለማስለቀቅ ደብዳቤዎቹን ላጠጋጋቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አዲስ ደብዳቤ ይምጣ አይምጣ አይመለከተውም፤ የሚቈጥረው መዘጋቱን ብቻ ነው። የአያቴን እሑዶችም አንድ በአንድ ሲቈጥር ኖሮ መቶውን የሞላው በዚያ በጥቅምቱ እሑድ ነበር።

ማጠጋጋቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የማይደረግበት ሣጥን ቀድሞ ይታመማል። ክፉው ነገር መካከሉ ላይ መቋረጡ ነው። ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ብዕሩ ከእጅ ቢነጠቅ፣ አሮጌው ከስፍራው ተነሥቶ፣ አዲሱ ገና ሳይሞላ ይቀራል። አያቴ ስታቢላይዘር አላቸው፤ ነገር ግን ስታቢላይዘር የመብራቱን ኀይል ያስተካክላል እንጂ መብራቱ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን አያቈይም። ለዚያ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ የለንም።

ከመብራት ሌላ ይህን ጥፋት የሚያመጡ አሉ። ፕሮግራሙ ሲያጠጋጋ ትዕግሥት አጥቶ በግድ የሚዘጋ ሰው አለ። እያንዳንዱን ደብዳቤ በመግቢያው ላይ የሚፈትሽ አንቲቫይረስም ፕሮግራሙ ሊጽፍ ሲል ፋይሉን ስለሚይዝበት ብዙ ሣጥን አበላሽቷል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች አንቲቫይረሱ እንዳለ ሆኖ ደብዳቤ መፈተሹ ብቻ እንዲዘጋ ይመክሩ ነበር።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ማታ ያደረግሁት ነገር ሁሉ ስሕተት ነበር። ፕሮግራሙን ደጋግሜ ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፤ እንደገና ኮምፒዩተሩን አስነሣሁ፤ ኢንቦክሱም በዚያው ባዶነቱ ጸና። ፕሮግራሙ የኢንቦክሱን ፋይል ከስፍራው ሲያጣው «ጠፋብኝ» ብሎ አይናገርም፤ ዝም ብሎ አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ሰውን የሚያስደነግጠው ይህ ጸጥታው ነው።

ተስፋ የሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የተላኩ ደብዳቤዎች ወዳሉበት ፎልደር ብገባ፣ አያቴ ለአክስቴ የጻፉት ሁሉ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ ፎልደሮቹን የሚያጠጋጋው ተራ በተራ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ በኢንቦክሱ ላይ ብቻ ደርሶ ሌላው ድኗል ማለት ነው። ደግሞም አውትሉክ ኤክስፕረስ መልስ ሲጻፍ የላኪውን ደብዳቤ ከሥር አያይዞ ይልካል፤ ካልከለከሉት በስተቀር ልማዱ ይህ ነው። በዚህ የተነሣ አክስቴ ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአያቴ መልስ ግርጌ፣ በየመስመሩ መጀመሪያ የቀስት ምልክት እየተደረገባቸው ይታዩ ነበር። ምንም ባናገኝ እንኳ ይህ አይታጣም ብዬ ልቤ ተረጋጋ። አያቴ ግን አልተጽናኑም፤ መልስ ያልጻፉላቸው ደብዳቤዎች እንዳሉ እርሳቸው ያውቃሉ።

ልብ ከተረጋጋ በኋላ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ምንም ሳይነኩ መገልበጥ። ፕሮግራሙን ዘግቼ፣ ደብዳቤ ያለበትን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ገለበጥሁ። ከዚህ በኋላ ብሳሳት እንኳ ስሕተቱ በቅጂው ላይ ይሆናል።

ቀጥሎ የተመለከትሁት ሪሳይክል ቢን የሚባለውን የቆሻሻ ቅርጫት ነው። ሰርቪስ ፓክ 2 አንድ መልካም ነገር አምጥቷል፤ ፕሮግራሙ ማጠጋጋት ከመጀመሩ በፊት የአሮጌውን ፋይል ቅጂ የስም ቅጥያውን ባክ ብሎ በቅርጫቱ ውስጥ ያኖራል። በእኛም ቅርጫት ውስጥ «ኢንቦክስ» የሚባል የባክ ፋይል ተገኘ። ክብደቱ 214 ሜጋባይት ነበር። በስፍራው ያለው አዲሱ ኢንቦክስ ከመቶ ኪሎባይት ያነሰ መሆኑን ሳይ የአክስቴ ደብዳቤ የትኛው ውስጥ እንዳለ ለመገመት አላስቸገረኝም። ጠጋኙ እንዳለው ዊንዶውሱን አጥፍተን ብንጭን ኖሮ ቅርጫቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። ደግሞም ይህ ቅርጫት መጠን አለው፤ በኤክስፒ ካልተለወጠ በስተቀር የዲስኩ ዐሥር በመቶ ነው፤ ሲሞላ የቈየውን ራሱ ይጥላል። «ኮምፒዩተሩን ላጽዳልዎ» ብሎ ቅርጫቱን የሚደፋ ደግ ጎረቤትም ያስፈራል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የባኩን ፋይል ከቅርጫቱ ወደ ዴስክቶፕ አወጣሁ። አውትሉክ ኤክስፕረስ መዘጋቱን አረጋግጬ፣ ባዶውን ኢንቦክስ ከስፍራው አንሥቼ ወደ ሌላ ፎልደር አዛወርሁት። ከዚያ የባኩን የስም ቅጥያ ወደ ዲቢኤክስ ለውጬ በባዶው ስፍራ አስቀመጥሁት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ዊንዶውስ የስም ቅጥያን ስለሚሰውር፣ የሚታየውን ስም ብቻ የሚለውጥ ሰው ባክ የሚለው ከኋላ ተሰውሮ ይቀርበታል፤ ፋይሉ ሁለት ቅጥያ ይኖረዋል፤ ፕሮግራሙም አያውቀውም። ስለዚህ አስቀድሞ ከፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ቅጥያን የሚሰውረውን ምርጫ ማንሣት ይገባል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ግማሽ ቀን አባክኛለሁ፤ ሁለት ጊዜም «አልሆነም» ብዬ ለአያቴ ነግሬአቸው አዝነዋል።

በሦስተኛው ጊዜ ፕሮግራሙን ስከፍት 641 ደብዳቤ ተደርድሮ ወጣ። አያቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «የመጀመሪያውን ክፈተው፤ የደረሰች ዕለት የጻፈችውን» አሉኝ።

ይህ ሁሉ የሆነው የባክ ፋይል ስለ ተገኘ ነው። የተለያየ እክል ግን የተለያየ መድኀኒት አለው፤ ስለ ሌሎቹም ጥቂት ልጨምር።

አንደኛው የሣጥኑ መሙላት ነው። አንድ የዲቢኤክስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ መያዝ አይችልም። ትክክለኛው ቁጥር 2,147,483,648 ባይት ነው፤ ይህም 2 ለ31 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ የሒሳብ መምህራችን ደስ እንዲላቸው ጻፍሁት። ወደዚህ ልክ የደረሰ ኢንቦክስ አዲስ ደብዳቤ አይቀበልም፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይከፈትም። ብዙ ሰው ይህ ልክ ሩቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ በኢሜይል ሲላክ ይወፍራል። ኢሜይል በጥንት አሠራሩ ፊደል ብቻ እንዲያሳልፍ የተሠራ ስለ ሆነ፣ የፎቶግራፉ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ወደ አራት ፊደል ይለወጣል፤ ስለዚህ 3 ሜጋባይት የነበረው 4 ይሆናል። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ከአምስት መቶ ጥቂት በለጥ ሲል ሣጥኑ ሞላ ማለት ነው። መፍትሔው ደብዳቤን በዓመት በዓመቱ ወደ ተለያየ ፎልደር ማዛወርና ከዚያ ማጠጋጋት ነው። ማዛወር ብቻውን፣ ስለ ቀዩ መስመር እንደ ተናገርሁት፣ አያቀልለውም። በእጅ ሲያጠጋጉ ደግሞ መጀመሪያ «ወርክ ኦፍላይን» የሚለውን መርጦ፣ ምንም ፎልደር ሳይከፍቱ፣ እስኪያልቅ እጅን ማጠፍ ነው።

ሁለተኛው በሰርቨሩ ላይ የሚቀረቀር ደብዳቤ ነው። ይህ በስልክ መስመር ዘመን የታወቀ መከራ ነበር። 4 ሜጋባይት የሆነ ደብዳቤ በ56 ኪሎቢት መስመር ለመውረድ፣ መስመሩ አንዳች ሳይጓደል እንኳ፣ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። መስመሩ በመካከሉ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ከኋላው የተሰለፈው ደብዳቤም ሁሉ ታግቶ ይቀራል። የስልኩ ሒሳብ ግን ይቈጥራል። አባቴ አንድ ጊዜ የሠርግ ፎቶግራፍ የላከ ወዳጃቸውን እንዴት እንደ ረገሙት እስከ ዛሬ ይተረክልናል።

የወረደ ደብዳቤ በየቀኑ እንደገና የሚወርድ ከሆነ፣ መለያዎቹን የሚመዘግበው ፋይል ተበላሽቷል፤ ቅጂ በሰርቨሩ ላይ እንዲቀር በተደረገበት ቤት ብቻ ይደርሳል። አባሪው ግራጫ ሆኖ አልከፈት ካለ ደግሞ አልጠፋም፤ ከቫይረስ ለመጠበቅ የሚያግድ ምርጫ በኦፕሽንስ ውስጥ፣ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር አለ።

ሦስተኛው ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ነው። አክስቴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አማርኛውን በላቲን ፊደል ትጽፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያደርገው የነበረ ነው። በኋላ ግን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ጀመረች፤ እነዚያ ደብዳቤዎች በአያቴ ኮምፒዩተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆነው ይታዩ ነበር። አያቴም የተበላሹ መስሏቸው ለዓመታት ሳያነቧቸው አልፈዋቸዋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው ከቪስታ ጋር ነው።

እዚህ ላይ ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ብዙ ይጠቅማል። ባዶ ሳጥን የሚታይ ከሆነ ደብዳቤው ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። አናቷ ላይ ሰያፍ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች የምትታይ ከሆነም ደብዳቤው ደኅና ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ምክንያቱም ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የዋናው ሠንጠረዥ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፤ ያም ባይት በአውሮፓውያን አነባበብ ያችን «ኤ» ይሆናል። ቪው፣ ከዚያ ኢንኮዲንግ፣ ከዚያ ዩኒኮድ የሚለውን ሲመርጡ ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ የሚታይ ከሆነ ግን ወዮ! እያንዳንዱ ፊደል በመንገድ ላይ በጥያቄ ምልክት ተተክቷል፤ ምን እንደ ነበረ የሚናገር ምንም ነገር አልቀረም። እኔ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የተባለውን ነጻ ፎንት በፍላሽ አምጥቼ ስጭን የሳጥኖቹ ደብዳቤዎች ተነበቡ። ሁለቱ ግን የጥያቄ ምልክት ናቸው፤ ሁለቱም የ2003 ዓ.ም. ናቸው።

ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በመሳሰሉት በቀድሞ ፎንቶች ተጽፎ በአባሪ የመጣ ጽሑፍም አለ። እነዚህ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ስፍራ ስላስቀመጡት፣ ያው ፎንት ካልተጫነ በስተቀር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል።

በመጨረሻ «ታዲያ አያትህ በዚሁ ፕሮግራም ለምን አዲስ ኢሜይል አይቀበሉም?» ለሚለኝ ሰው፤ አይቻልም። ዛሬ ሰርቨሮች ንግግሩ ሁሉ በምሥጢር ቁልፍ እንዲቈለፍ ይፈልጋሉ፤ ኤክስፒ የሚያውቀው ቲኤልኤስ 1.0 የተባለው አሮጌ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት እንዲወጣ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ወስነዋል። ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2022 በስምና በፓስወርድ ብቻ የሚገቡ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ከግል ሣጥኖች ከልክሏል። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ ደጋግሞ ቢጠይቅ መንሥኤው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ፓስወርድ በመለወጥ አይድንም።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከዚያ ማውጣት አስፈለገ። መንገዱ ቀላል ነው። በፎልደሩ ያሉትን ደብዳቤዎች ሁሉ መርጦ በማውስ እየጎተቱ ወደ ተራ የዊንዶውስ ፎልደር ሲጥሏቸው፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ ኢኤምኤል የሚል ቅጥያ ያለው የየራሱ ፋይል ይሆናል። ይህ ፋይል ተንደርበርድን በመሰሉ በዛሬ ፕሮግራሞች ይከፈታል። ሌላ ባይገኝ እንኳ በኖትፓድ ቢከፈት ላኪው፣ ቀኑና በላቲን ፊደል የተጻፈው ቃል ይነበባል። የአንዱ ፋይል መበላሸትም ሌላውን አያጠፋም። አሁን በሁለት ፍላሽ ላይ አሉ፤ አንዱ ከእኛ ቤት፣ አንዱ ከአጎቴ ቤት።

አያቴ ግን ፍላሹን አገላብጠው አይተው፣ «ይህችማ ከኪስ ትወድቃለች» አሉ። በወረቀት እንዲታተምላቸው አዘዙኝ። አንዱን ጎን የአክስቴን፣ ሌላውን ጎን የእርሳቸውን መልስ እያደረግሁ በየሳምንቱ አሳትማለሁ፤ እርሳቸውም ቀዳዳ እየበሱ በሒሳብ ቤት ፋይላቸው ውስጥ ያስገባሉ። ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ሲሄድ እስከ 1999 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ድረስ ያለው ታትሟል።